ከገንፎ በኋላ አለመነሣት

አባቴ ወልደገብርኤል መቀመጥ አይችልም። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ አዋሽ ሄዳችሁ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ብትጠይቁ ሁሉም ይነግራችኋል። ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ሲገባና ሲወጣ ባንዲራ ይዞ ሐዲዱ ዳር የቆመ ሰው ነው። አሮጌው ባቡር ከቀረ በኋላም መቆሙ አልቀረም፤ አሁን የሚቆመው ለሰው ሆነ። ደጃፍ ላይ ጥላ ካየ «ኖር!» ብሎ ብድግ ነው። ለቄሱም ለሼኩም፣ ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣውም ይነሣል። ጉርሻው አፉ ውስጥ እያለ ይነሣል። እናቴ ባይሽ «ይህን ሰውዬ አግብቼ አንድ ምሳ አብሬው ጨርሼ አላውቅም» ትላለች፤ እውነቷን ነው።

እንግዲህ ልጄን እንዲይዝልኝ ሰመራ ድረስ ያመጣሁት ይህንን ሰው ነው።

ምን ላድርግ? የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ቢሮ ተመልሻለሁ። ባለቤቴ መለሰ ስኳር ፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ብቅ የሚለው በወር አንዴ፣ ያውም ልብሱን ለማሳጠብ። እናቴ አዋሽ ላይ ቁርስ ቤት አላት፤ ፉል የሚጠብቅ ሾፌር ደጇ ላይ እያለ ዘግታ አትመጣም። ስለምናት «አባትሽን ውሰጂው፤ እኔም ትንሽ ልረፍ» አለችኝ።

ልጄ ሉላ ከተወለደች ጀምሮ የጠባችውን ትመልሳለች። ትከሻዬ ላይ ጨርቅ ሳላደርግ የወጣሁበት ቀን የለም። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ሂያም ግን አታስደነግጠኝም ነበር። «የጨጓራዋ አፍ ገና አልጠነከረም፤ የገባውን ወደ ላይ ይለቀዋል። ብዙ ሕፃን ላይ ያለ ነው። ክብደቷ እስከ ጨመረ ድረስ አትጨነቂ» ትለኝ ነበር። ክብደቷም ይጨምር ነበር። ነገር የተበላሸው ስድስት ወር ሞልቷት ምግብ ስንጀምርላት ነው።

መጀመሪያ ስስ አጥሚት ሠራሁላት። እንደገባ ወጣ። የአከራያችን ሚስት ሐያት አዝናልኝ የብርቱካን ጭማቂ አመጣችላት፤ ያን ቀን ሉላ ጀርባዋን እንደ ቀስት እየለመጠች አለቀሰች፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ሂያም ስትሰማ ተቆጣች። «ብርቱካኑን ተዪ። አጥሚቱን አወፍሪው፤ ከማንኪያ ቶሎ የማይፈስ ለስላሳ ገንፎ ይሁን፤ ሙዝም ፈጭተሽ ስጫት። በትንሽ በትንሹ፤ እምቢ ካለች እንዳትግቻት። ከሁሉም በላይ ግን ከበላች በኋላ ግማሽ ሰዓት ቀጥ አድርጋችሁ ያዟት። ሳትነቀንቋት፣ ሆዷን ሳታጥፏት።» አባቴ አጠገቤ ቆሞ ይሰማ ነበር። ወንበር ሰጥተውት ነው የቆመው። «ይሄማ ምን ችግር አለው» አለ።

ሥራዬን ቀጠልኩ። ቀልቤ ግን ቤት ነው። ፋይል አንሥቼ ያነሣሁበትን እረሳለሁ፣ ስልኬን አየዋለሁ፣ ተነሥቼ መስኮት ላይ ሄጄ እመለሳለሁ። የአባቴ ልጅ መሆኔ ያን ሰሞን ገባኝ። ማታ ስገባ «በላች?» እላለሁ፤ «ጥርግ አድርጋ!» ይለኛል። ገመዱ ላይ የተሰጣው የሸሚዙ ብዛት ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በሚቀጥለው ምዘና ክብደቷ ቀንሶ ተገኘ። ሂያም ሚዛኑን ደግማ አየችው፤ እንደዚህ ከቀጠለች ሆስፒታል እንደምትልከን ነገረችኝ።

እናቴ ይህን ሰምታ አላስቀመጠችኝም። «እንጥሏ ወርዶ ነው! ስንቴ ልንገርሽ? አዋሽ አርባ የሚቆርጡ ሴትዮ አሉ። አንቺንም ያስቆረጥኩሽ እሳቸው ጋ ነው፤ ምን ሆንሽ?» እንጥል መቁረጥ ሕፃን ደም አፍስሶ እንደሚገድል ሂያም ነግራኛለች፤ ገብቶኛልም። እምቢ አልኩ። ግን የደከመ ሰው እምቢታ ምን ያህል ይቆያል?

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሳልናገር ከቢሮ መጣሁ። የምንኖረው ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ነው፤ በር አንድ፣ ቧንቧ አንድ፣ ጥላ ያለበት ቦታም አንድ። አባቴ እዚያች ጥላ ሥር በላስቲክ ወንበር ተቀምጦ ሉላን ደረቱ ላይ ቀጥ አድርጎ ይዟታል። ደስ አለኝ። ቆሜ አየሁት።

ሐያት ጀሪካን ይዛ ገባች። «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ፤ ሉላ በክንዱና በደረቱ መካከል ጥቅልል አለች። ተቀመጠ። ከጎረቤት ክፍል አንዱ ተከራይ ወጣ። ብድግ። ተቀመጠ። ከዚያ አከራያችን ሐጂ አብዱልአዚዝ ከሶላት ሲመለሱ አባቴ መነሣት ብቻ ሳይሆን ጎንበስም አለ፤ ገንፎው ሸሚዙ ላይ ዱብ አለ።

«አባዬ! አንተ ነህ እኮ የምታስመልሳት!»

«እኔ?»

«አትነሣ! ስትነሣ ሆዷን ታጥፈዋለህ!»

«ሐጂ ቆመው እያለፉ እኔ እንደ ጆንያ ልዘርፈጥ? የምንኖረው ቤታቸው ውስጥ ነው። ምን ይሉኛል?»

«የፈለጉትን ይበሉ!»

«አንቺን እንዲህ አድርጌ አላሳደግኩሽም» አለኝና ልጄን አስታቅፎኝ በዚያ እሳት በሚተፋ ፀሐይ ወደ አስፋልቱ ወጣ።

እናቴ የደወለችው በዚያች ሰዓት ነው። «እሺ!» አልኳት ሳላስጨርሳት። «ነይና ውሰጃት! ሴትዮዋ ጋ ውሰጃትና የፈለጋችሁትን አድርጉ!» ዘጋሁት። ቀና ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል። እኔም እናቴ ጋ ደውዬ ቃሌን ማጠፍ ሲገባኝ እልህ ያዘኝና ተውኩት። እልሄ የእናቴ ነው።

በማግስቱ አባቴ በሽርጡ ላይ ኮቱን ደረበ። በሰመራ ሙቀት ኮት! ከዚያ የግቢውን በር ሁሉ አንድ በአንድ እያንኳኳ ዞረ። «ከዛሬ ጀምሮ ልጅቷን ስይዝ ብትገቡም ብትወጡም አልነሣም። ንቀት እንዳይመስላችሁ። ይቅርታችሁን አስቀድሜ ልጠይቅ ብዬ ነው።» ሐያት ሳቋን በሻሿ ሸፈነች። ሐጂ ግን ቁም ነገር አድርገው ሰሙት። «ወላሂ፣ ከእንግዲህ ቢነሡ ነው የምቀየመው፣ አቶ ወልደገብርኤል!»

መቀመጡንስ ተቀመጠ። ሲቀመጥ ግን ማየት አያስችልም። ፈቃድ ወስጄ ሁለት ቀን አጠገቡ ዋልኩ። በሩ ሲጢጥ ሲል ተረከዙ ከመሬት ይላቀቃል፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ሰው ሲያልፍ «ይቅርታ… ይቅርታ» ይላል፤ ድምፁ የተያዘ ሌባ ድምፅ ነው። ሉላ ግን የበላችው ሆዷ ውስጥ ቀረ። በማግስቱም ቀረ። ሐጂ የአባቴን ስቃይ ማየት ሲያቅታቸው ዘዴ ፈጠሩ፤ ሉላ የምትበላበትን ሰዓት አጥንተው ከውጭ ሲመጡ በሩ ጋ ቆመው መጠበቅ ጀመሩ። በገዛ ቤታቸው በር!

ቅዳሜ ዕለት ቧንቧው ጋ ልብስ ሳጥብ ከደጅ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ።

«እናቴ፣ ትንሽ ይታገሡ» ይላሉ ሐጂ፤ «ሽማግሌው ሕፃኗን አብልተው ነው።»

«ከአዋሽ ድረስ አውቶቡስ ላይ ተቀቅዬ መጥቼ ደጅ ልጠና? ዞር ይበሉልኝ!»

በሩን በርግዳ ገባች። ሻንጣዋ በእጇ፣ ነጠላዋ አንገቷ ላይ። «የት አለች ልጄ? ሴትዮዋን ቀጥሬያቸዋለሁ፤ ነገውኑ ይዣት እገባለሁ!»

አባቴ አያት። ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ ፊቱ ሲፈካ አላየሁም። ተረከዞቹ ተነሡ። ልብሱ ከእጄ ወደቀ። እናቴ ግቢው መካከል ላይ ቆማ የምትጠብቀውን ትጠብቃለች፤ ለማንም የሚነሣ ሰው ለእሷማ እንዴት አይነሣ።

አልተነሣም። ተረከዞቹን መልሶ መሬት ላይ ተከላቸው። «ባይሽዬ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አለ በሹክሹክታ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ሆኗል? ሽባ ሆነ እንዴ?»

«ሉላ አሁን በልታ ነው» አልኳት። «ይህን ሰሞን አልመለሰችም፣ እማዬ። እሱ ስለማይነሣ ነው።»

ወደ እሱ ቀረብ አለች። ሸሚዙን አየችው፤ ንጹሕ ነው። ሉላ አገጩ ሥር ተኝታለች። የሚንቀጠቀጠውን ጉልበቱን አየች፤ እጇን ጭና ጫን አለችበት፤ በሌላ እጇ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ጎን ለጎን ብዙ ቆዩ። እኔ ሳሙና በነካው እጄ ፊቴን እየጠረግሁ አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ።

ኋላ እናቴ ስልኳን ከጡቷ ሥር አውጥታ ደወለች። «እትዬ? እኔ ነኝ፣ ባይሽ። አንመጣም። የለም፣ የለም፣ ሌላ ሰው ጋም አልወሰድናትም። ወልደገብርኤል ተቀምጧል።»

ሴትዮዋ አልገባቸውም መሰለኝ። እናቴ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ ሕፃኗን እንዳትቀሰቅስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ደገመችላቸው።

«ተቀምጧል እልዎታለሁ!»