ለእስክስታ የተላኩ ሽማግሌዎች

የማጠናው ነገር ጎጃም ውስጥ የለም፤ ከባሕር ማዶ፣ ደቡብ ኢራን ነው። እዚያ በምዕራብ በኩል የብስ ከየብስ ተጋጭቶ ተራራ ያነሣል፤ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ደግሞ የባሕሩ ወለል ከየብሱ ሥር ሾልኮ ይገባል። ግጭቱ የት አብቅቶ መስመጡ የት እንደሚጀምር የሚነግረን ከዚያ የሚነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ነው። ሞገዱ እኛም ጋ ይደርሳል።

ስለዚህ መመዝገቢያ መሣሪያዬን ይዤ ወደ ተወለድኩባት ቢቸና መጣሁ። የአባቴ ቤት ከመናኸሪያው ጎን ነውና ከአይሱዙ በቀር የተመዘገበ ነገር አልነበረም። ነቅዬ ሞጣ፣ አክስቴ ጓሮ ቀበርኩት።

«አክስቴ፣ አጠገቡ ሰው እንዳይረግጥ አደራሽን» አልኳት።

አክስቴ አደራ ከተቀበለች ልክ የላትም። ስመለስ ዶሮዎቿ ታስረዋል፤ በሩ ላይም ሽማግሌዎች ይጠብቁኛል። የጎረቤት ልጅ ሙሽራ ሊያመጣ ነው፤ አክስቴ ዳሱ ድረስ ሄዳ «ብሉ፣ ጠጡ፤ መዝለል ግን ክልክል ነው» ብላቸዋለች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የቅኔ መምህር ነበሩ።

«ልጄ፣ ለጋብቻ ተልኬ አውቃለሁ፤ ለእርቅም ተልኬ አውቃለሁ። ለእስክስታ ስላክ ግን የመጀመሪያዬ ነው።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ «የኔታ፣ እንደ ልባቸው ይጨፍሩ» አልኩ። ከዚያ ጥናቴን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ዝቅ የሚለው ታዲያ የትኛው ነው?»

«የባሕሩ ወለል ነው፤ እሱ ይከብዳል።»

«ሰውም እንደዚያው ነው። ከባዱ ዝቅ ይላል፤ ቀላሎቹ ይጋጫሉ» ብለው ሄዱ።

በሰርጉ ቀን አክስቴ ተኮሳትራ ዳስ ገባች። ኋላ ግን ከሁሉ በላይ ስትዘል ያየኋት እሷን ነው።

በማግስቱ መዝገቡን ኮምፒውተር ላይ ስከፍት ጭፈራው እንደ እሾህ አጥር ጥቅጥቅ ብሏል፤ መሐል ላይ ግን ሰፊ፣ ዝግ ያለ ሞገድ ተነሥቷል። ከዚያው ከምፈልገው ቦታ የመጣ ነው! ጭፈራው ፈጣን ስለሆነ መለየቱ አላስቸገረኝም፤ ደስታዬን ግን መያዝ አቃተኝ።

ጩኸቴን ሰምተው የሙሽራው እናት መጡ። ትልቁን ሞገድ በጣታቸው ነክተው «ይቺማ እኔ ነኝ! ልጄ ሙሽራዋን ይዞ ሲገባ የዘለልኳት» አሉ።

«እማማ፣ ይህ እንኳ ከኢራን የመጣ ነው።»

«ማን ጠርቶት?»

«ሰው ጎድቶ ይሆን?» አለች አክስቴ።

«ምድረ በዳ ላይ ነው፤ የተጎዳ የለም።»

«ተመስገን» አሉ ሁለቱም። ትንሽ ቆይተው የሙሽራው እናት ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አሉ።

«እንግዲያስ የኔዋ የታለች?»

ከእሾሆቹ ረጅሙን መርጬ አሳየኋቸው።