ጭድ የተሞላው ጉማሬ

«ለአንድ ቀን ብቻ ነው፣ ጋሼ ይማም። ልጆቹን በታንኳዎ እያመላለሱ ማዶ ያሻግሩልኝ፤ እዚያ የሚኖረው ጣሊያን ያደረቃቸውን አውሬዎች አይተው ይመለሳሉ» አለ መምህራችን።

«ታንኳዬንም አልሰጥም፣ ልጄንም አልሰድም!» አለ አባቴ።

ዛሬ የልብስ ሳጥን ስከፍት የናፍታሌን ሽታ አፍንጫዬን ቢመታኝ፣ ያ የልጅነቴ ክርክር ተመለሰብኝ። የመምህራችን ኮት እንዲሁ ይሸት ነበር፤ ጣሊያኑ ቤት እየሄደ፣ ብል እንዳይበላቸው ናፍታሌን የተነሰነሰባቸውን አውሬዎች አቧራ ያራግፍ ነበርና። እዚያ ጭድ የተሞላ ጉማሬ በመስታወት ዓይኑ እንደሚያፈጥ ከነገረን ወዲህ፣ ከጉዞው ሌላ የማስበው አልነበረኝም።

«ምን ክፋት አለው? ትምህርት እኮ ነው» አለ መምህሩ።

«ለሞተ ጉማሬ መድኃኒት የሚቀቡ ሰዎች፣ ወንድሜን አጥቤ ልቅበር ብላቸው ሬሳውን ከለከሉኝ። የት እንዳደረጉት እስከ ዛሬ አላውቅም።»

እኔ አጎቴ እንድሪስ ወደ ይፋግ ለንግድ ሄዷል ተብዬ ነበር። ጣሊያኖች የሞተ ነገር የሚያኖሩበትን ቤት ግን ያን ጊዜ አውቄው ነበር።

«እንግዲያስ ልሂድ፣ አባባ» አልሁ። «አጎቴን እዚያ አቁመውት ከሆነ ላየው።»

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መምህሩ ባርኔጣውን አነሳና ወጣ፤ በሩንም እንደ ለቅሶ ቤት በር ቀስ አድርጎ ዘጋው።