ቦዩን የቆፈርነው እኛ ነን

በንጉሡ ጊዜ ነው። ነቀምቴ ልታድግ ነው ተባለና ከምንጩ አጠገብ በሣር ቤት የምንኖረውን ሰዎች ማዘጋጃ ቤቱ ሰበሰበን። አንድ ኮት የለበሰ ሹም ወንበር ላይ ቆሞ፣ «ሣር ቤት ቀረ። ኮረብታው ላይ ቦታ ትመራላችሁ፤ የቆርቆሮ ቤት ትሠራላችሁ፤ መንገዱና የቧንቧው ውሃ ተከትሏችሁ ይመጣል» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ የቆርቆሮ ቤት ማን ይጠላል?

ባለቤቴ አላጨበጨበችም። የእኔ አባት ከጎጃም የመጣ ነው፤ እሷ የዚሁ አገር ልጅ ናት። ቤታችን ሁለቱም ቋንቋ ይነገር ነበር፤ ስትቆጣ ግን ኦሮምኛ ብቻ ነው። «ያ አባ ወራ፣ ቢሻን ኦል ሂን ያኡ» አለችኝ። አንተ አባወራ፣ ውሃ ሽቅብ አይፈስም ማለቷ ነው። እውነቷን ነው፣ ምንጩ ከደጃችን ነበር። «ደጅሽ ላይ ቦኖ ይቆምልሻል» ብዬ ቃል ገባሁላት። ሹሙ የሰጠኝን ቃል ነበር አዙሬ ለሷ የሰጠኋት።

ወጣን። ቤቱም ተሠራ፣ ቆርቆሮው ከሩቅ ያንጸባርቃል። ውሃ የለም። ሴቶቹ ባዶ እንስራ ይዘው ይወርዳሉ፣ ሙሉውን አዝለው ዳገቱን ይወጣሉ። ሹሙን ብንጠይቀው፣ «ቧንቧው እየተጫነ ነው። እናንተ ቦዩን ቆፍራችሁ ጠብቁ፤ ቦይ ያልቆፈረ ሰፈር ወደ ኋላ ይቀራል» አለን። ቁፋሮ ለኛ ሰው ምን ችግር አለው። ደቦ ጠራን፣ ሴቶቹ አንጮቴ ቀቀሉ፣ ከኮረብታው አናት እስከ ምንጩ መንገድ፣ ጥልቀቱ ወገብ የሚደርስ ቦይ አወረድን። ሲያልቅ የሰፈሩ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዘው፣ «ውሃ ይሙላብህ» ብለው መረቁት።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በአገሩ ልማድ በእርጥብ ሣር የተመረቀ ሥራ ፍጻሜውን ሳያይ አይፈርስም። ክረምት ገባ፣ ቧንቧ የለም። ጎርፉ የተዘጋጀ መንገድ አገኘና ቦያችንን ይዞ ወረደ፤ ዳርና ዳሩን እየናደ ይበላው ጀመር። ሽማግሌው ቤት ሄጄ፣ «አፈሩን እንመልሰው» አልኩ።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «የመረቅነውን በእጃችን እንድፈነው? ቧንቧውስ ቢመጣ?»

ጎረቤቴ የነበረው የጉራጌ ነጋዴም፣ «ዛሬ ብትደፍነው ነገ ሹሙ፣ ውሃ አንፈልግም ብለዋል ይላል። አታውቀውም?» አለኝ።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ተውነው። በሚቀጥለው ክረምት ቦዩ ገደል ሆነ፤ ለመሻገሪያ ግንድ ጣልንበት። ባለቤቴ እንስራዋን እንዳዘለች ከዚያ ግንድ ላይ ተንሸራተተች። እንስራውም ተሰበረ፣ ጉልበቷም ተሰበረ። ወጌሻ ቢያሸው፣ ቢያስረው፣ እንደነበረ አልሆነም።

ሹሙ ዘንድ ሄድኩ። «ጌታዬ፣ ያ ውሃ የት ደረሰ?»

ቀናም አላለም። «እናንተ ሰፈር ቧንቧ በየት በኩል ይለፍ? ገደል አድርጋችሁት!»

«ቆፍሩ ያሉን እርስዎ ነዎት።»

«ቆፍሩ አልኩ እንጂ ገደል አድርጉ አልኩ?»

አጠገቡ የተቀመጡት ጸሐፊዎች ሳቁ። እኔ ግን ስመጣ በምንጩ በኩል ነበር ያለፍኩት። የኛ ሣር ቤቶች በነበሩበት ላይ ለሹማምንቱ ቪላ ተሠርቷል፤ ቧንቧው እዚያ ግቢ ውስጥ ጽጌረዳ ያጠጣል።

ከዚያ ወዲያ እንስራውን እኔ አዘልኩት። ያኔ ወንድ ውሃ ማዘሉ ነውር ነበር፤ ገበያተኛው ቆሞ ያየኝ ነበር። አንዱ፣ «ያ አቦ፣ ጡትም ታጠባለህ?» አለኝ።

«ልጅህን አምጣውና እንሞክራለን» አልኩት።

እሱስ አልከበደኝም። ሴቶቹ ከመንገድ ወጣ ብለው ሲያሳልፉኝ ነበር የከበደኝ።

የመጀመሪያውን እንስራ ይዤ ስገባ ባለቤቴ እግሯን ዘርግታ መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔን አየች፣ እንስራውን አየች።

«ይኸው፣ ውሃ ሽቅብ ወጣ» አለች። «ባንተ ጀርባ።»

በአማርኛ ነበር ያለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። አውርጄ ቀዳሁላት፣ ጠጣች። በኦሮምኛ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።