ከጉድጓዱ አፍ የወጣው ደብተር

አራጌ ሰው ሲያወራው ቀና ብሎ አያይም ይሉታል የቆቦ ሰዎች። እውነታቸውን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከገበያው ጀርባ ባለችው ባለሁለት ክፍል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ፣ ሽማግሌና ባልቴት የሚነግሩትን አንገቱን ደፍቶ ሲጽፍ ነው የኖረው። ሥራው ተብሎ የተሰጠው መጽሐፍ ማዋስና አቧራ ማራገፍ ነበር፤ ሌላውን በራሱ ላይ የጨመረው እሱ ነው። ይህ የራያ ቆላ ስንት ጦር ያለፈበት አገር ሆኖ ሳለ፣ በመደርደሪያው ላይ ያለው ስላለፉት አዛዦች እንጂ ስለታለፈባቸው ሰዎች አንድ ገጽ የለም ብሎ ተናደደ። አራጌ ከተናደደ ደግሞ መመለሻ የለውም። ከጎብዬ እስከ ዋጃ አዛውንቱን እየለመነ፣ እያባበለ፣ አሥራ አንድ ደብተር ሞላ።

ሰባተኛው ደብተር የወይዘሮ ኡሙልኸይር ነበር። ልጃቸው ኢብሮ በደርግ ጊዜ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ፍየል ሊሸጥ ዋጃ ገበያ እንደወረደ በአፈሳ ተይዞ ወደ ጦር ሜዳ ተጫነ። እናቱ ወሬውን ሰምተው ሲደርሱ መኪናው ተነሥቷል። ነጠላቸው ወድቆ፣ ጫማቸው ወልቆ ከኋላው ሮጡ። ኢብሮም ከላይ ሆኖ፣ ከአያቱ በወረሱት በቤታቸው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ አንድ ነገር ጮኸላቸው። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤም አልመጣ፣ መርዶም አልመጣ።

አራጌ ኦሮምኛ አይሰማም። የልጁን ቃል ድምፁን እየተከተለ በፊደል አሰፈረው፤ ትርጉሙን ሌላ ቀን እጠይቃቸዋለሁ ብሎ ከሥሩ አንድ ባዶ መስመር ተወ። ያ ሌላ ቀን ዛሬ ነገ ሲባል ሳይመጣ ቀረ።

ወይዘሮ ኡሙልኸይር ያን ቀን ተናግረው ሲጨርሱ ከላያቸው ላይ ሸክም የወረደላቸው ያህል ተነፈሱ። «አልሀምዱሊላህ፣ እንግዲህ ካንተ ዘንድ ገባ። እኔ ብረሳው እንኳ አይጠፋም» አሉ። እውነትም እየዋለ እያደረ መርሳት ጀመሩ። በመጀመሪያ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ የሞቱና ያልሞቱ ዘመዶቻቸው ተደባለቁባቸው። ጥር በገባ ቁጥር ግን፣ ኢብሮ የተወሰደበት ወር ነውና፣ ቤተ መጻሕፍቱን አይስቱም። ሌላው ሰው ወደ መቃብር ይሄዳል፤ መቃብር የሌለው ልጅ እናት ወደ አራጌ ትመጣለች። «ኢብሮን አንብብልኝ» ይሉታል። እሱም ያነባል። የመጨረሻዋን ጩኸት ሲደርስባት ፊታቸው ይበራል፤ «እሱ ነው! እንዲህ ነው ያለኝ!» ብለው በእጃቸው አፋቸውን ይይዛሉ። ከዚያ መርቀውት ይሄዳሉ፤ እስከሚቀጥለው ዓመት።

በ2013 ክረምት ጦርነት እንደገና ወደ ቆቦ ተቃረበ። አራጌ ስለ ቤቱ ዕቃ አላሰበም፤ ስለ ደብተሮቹ ነው የተጨነቀው። የራያ ሰው ደግሞ የጨነቀው ዕለት የሚያምነው መሬትን ነው። በጓሮው አባቱ ያስቆፈሩት የማሽላ ጉድጓድ አለ፤ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ፣ በገለባና በጭቃ ሲደፈን ላዩ ላይ የቆመ ሰው እንኳ አያውቀውም። እዚያ የገባ ማሽላ ዓመታት ይቆያል። ስንቱ ሠራዊት ሲያልፍ አባቱን ከረሃብ ያተረፋቸው ይኸው ጉድጓድ ነው። አራጌ አሥራ አንዱን ደብተር በጆንያ ጠቀለለና፣ ስመለስ ቶሎ እንዳገኛቸው ብሎ ከማሽላው በላይ፣ ከአፉ ሥር አስቀመጣቸው።

ሚስቱ በላይነሽ ጭቃውን እያቀበለችው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ወረቀት እኮ እህል አይደለም» አለችው።

«ዝም ብለሽ አቀብዪኝ፤ መድፉ አይሰማሽም?» አላት።

አምስት ወር በዘመድ ቤት ተሰደው ቆዩ። ታኅሣሥ ላይ ሲመለሱ የቤተ መጻሕፍቱ በር ተገንጥሏል፤ ወንበሮቹ የሉም፤ ጠረጴዛው ለማገዶ ተፈልጧል። መደርደሪያው ግን እንዳለ ነው። የድሮ ጋዜጦቹ፣ የአዛዦቹ መጻሕፍት፣ ሽፋኑ የወለቀው መዝገበ ቃላት እንኳ አቧራ ለብሶ ከቦታው አልተነቃነቀም። ወረቀት የፈለገ ሰው አልነበረም። አራጌ ይህን ሲያይ እየሮጠ ወደ ጓሮው ሄዶ ጭቃውን በዶማ አነሣው።

የሻጋታ ሽታ ወጣ። የጉድጓድ አፍ የክረምቱን እርጥበት እንደሚስብ፣ ከላይ ያለው ማሽላ ሁልጊዜ ተበላሽቶ ለዶሮ እንደሚጣል ቆቦ ውስጥ የማያውቅ የለም። አራጌም ያውቃል፤ በልጅነቱ ለዶሮዎቹ የሚበትነው እሱ ነበር። ያን ቀን ግን ያሰበው ከሰው መደበቅን ብቻ ነው። ደብተሮቹ ተጣብቀው እንደ ቂጣ ደርቀዋል። ከሰባተኛው የተረፈው ሽፋኑና «ተናጋሪ፦ ወይዘሮ ኡሙልኸይር» የምትለው መስመር ነበረች። ሌላውን ሲነካው በጣቱ ላይ ዱቄት ሆነ። በላይነሽ «ብዬህ ነበር» አላለችውም፤ ብትለው ይሻለው ነበር።

ጥር ገባ። ወይዘሮ ኡሙልኸይር በገበያ ቀን ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡ። «ኢብሮን አንብብልኝ» አሉ።

አራጌ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተና ሌላ ነገር ወጣ። «መነጽሬ በስደቱ ጠፋብኝ፣ እናቴ። ሌላ ጊዜ ይምጡ።» ይረሱታል ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ተስፋ በማድረጉ ራሱን ጠላው።

አልረሱትም። በሚቀጥለው ገበያ መጥተው ከመቀነታቸው ውስጥ አዲስ መነጽር አወጡና በገዛ እጃቸው አፍንጫው ላይ አደረጉለት። «በል እንግዲህ፣ ልጄ።»

ምን ያድርግ? የሰባተኛውን ደብተር ሽፋን ለባዶ ወረቀቶች አልብሶ ያነበበ መሰለ። ፍየሏ መልኳ ቡላ እንደነበረች ያስታውሳል፤ እሱን አለ። የኢብሮ ሸሚዝ ክርኑ ላይ የተጣፈ እንደነበረ አለ። ነጠላው መውደቁን፣ የመኪናውን አቧራ አለ። ወይዘሮ ኡሙልኸይር ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። የመጨረሻዋ ቃል ዘንድ ሲደርስ ግን ምንም የለም። ስንት ዓመት ያነበባት ድምፅ ናት፤ ትርጉሟን ስላላወቀ አንዷም በልቡ አልቀረችም።

«ከመኪናው ላይ ሆኖም… እናቴ አይዞሽ፣ እመለሳለሁ ብሎ ጮኸ» አለ።

ወይዘሮ ኡሙልኸይር ትኩር ብለው አዩት። «ኢብሮ?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ኢብሮ እኔን በአማርኛ አናግሮኝ አያውቅም። እንዲህ አላለም። ምን ነበር ያለኝ?»

አራጌ መነጽሩን አውልቆ አለቀሰ። «ጠፋ፣ እናቴ። ደብተሩን ከጦርነቱ ላድን ብዬ ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርኩት።»

ብዙ ነገር የረሱት ሴት የጉድጓዱን ጠባይ አልረሱትም፤ «ከአፉ ላይ አደረግኸው?» አሉት።

«ከአፉ ላይ።»

«የአፉ እኮ ለዶሮ ነው፣ ልጄ» አሉ፤ ቁጣ አልነበረበትም።

አራጌ አዲስ ደብተር ገልጦ ብዕሩን አነሣ። «ያስታውሱት እንደሆነ ልጻፈው፤ አንዲቷን ድምፅ ብቻ ይበሉኝ» ብሎ ለመነ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱን ሳይደፋ አፋቸውን ትክ ብሎ አየ። ወይዘሮ ኡሙልኸይር ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፣ አቆሙ፣ ደግሞ ሞከሩ። ውጭ ሰዉ ፍየሉን እየነዳ ወደየመንደሩ መመለስ ጀመረ። እሳቸው ገበያው እስኪፈታ ድረስ ሞከሩ፤ ቃሏ ግን አልመጣችላቸውም፤ ከዚያ ምርኩዛቸውን አንሥተው ሄዱ።