በሽንብራ የተሠራው ዓለም

ባለፈው ዓርብ ከጎረቤቴ ቤት የሽንብራ ንፍሮ ሽታ መጣ። ሽንብራ መፍላት ሲጀምር የሚያወጣው ሽታ ደስ የሚል አይደለም፤ የእርጥብ አፈርና የጥሬ እህል ሽታ ነው። የሚጣፍጠው ቆይቶ ነው። እኔ ግን የምወደው ያን የመጀመሪያውን ነው። ሞጣ ከገባሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ ያ ሽታ በመጣ ቁጥር ግን ልቤ ቢቸና ይሄዳል፤ ስድስተኛ ክፍል፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ጥቂት ቆይቶ የጎረቤቴ ልጅ ሰላም ንፍሮውን በሰሃን ይዛልኝ መጣች። ገና ረፋድ ነበር።

«ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» አልኳት።

«አቋርጫለሁ እትዬ። እማዬን ገበያ ላይ አግዛታለሁ» አለች፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ። ከዚያ «ወንድሜ ግን ይማራል» ብላ ጨመረች።

ሰሃኑን ተቀብዬ አስቀመጥኩት። ልጅቱ ሄደች። ቲቸር ልየው ትዝ አሉኝ።

ቲቸር ልየው የኅብረተሰብ ትምህርት መምህራችን ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ካኪ ኮታቸው ኪሱ ዘወትር በጠመኔ የነጣ ነበር፤ በጋም ክረምትም የሚጫሙት ኮንጎ ጫማ ነው። ግራ ባታቸው ላይ የውሻ ንክሻ ጠባሳ አለ። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ሆነው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ ለምነው ቅኔ ተምረዋል፤ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የዞሩት ኋላ ነው። ያ የቀድሞ ትምህርታቸው አልለቀቃቸውም። ሲያስተምሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ይወዛወዛሉ። ጥያቄ ጠይቀውን መልሱ ሲጠፋን አይነግሩንም፤ «አሳድሩትና ነገ አምጡት» ይሉናል። የቆሎ ተማሪነታቸውን ያነሱልን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ለትምህርቴ የከፈለልኝ መንግሥት አይደለም፤ ራሷ ያልጠገበች ሴት ናት» አሉና ወደ ሰሌዳው ዞሩ።

ጊዜው የደርግ ነበር። የክፍላችን ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ መፈክር አለ፤ ጠዋት ጠዋት ተሰልፈን እንዘምራለን። ስለ ሀብታም አገርና ስለ ድሃ አገር በየስብሰባው ብዙ ይነገረናል። እኛ ግን በቃላችን ከመያዝ በቀር የገባን ነገር አልነበረም። ቲቸር ልየው ጨዋታውን ያመጡልን ይህን አይተው ይመስለኛል።

ጨዋታውን ያዩት ደብረ ማርቆስ መምህርነት ሲሰለጥኑ ነው። አንድ የውጭ አገር መምህር ቀለማም ካርዶች አድሎ አጫወታቸው። ጨዋታው ሲያልቅ ፈረንጁ ካርዱን ሰብስቦ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ሁሉም ለምሳ ተበተነ። «እኔ ግን ምሳው አልወርድ አለኝ» ብለውናል። በካርዱ ፋንታ ሽንብራ ያደረጉት ለዚህ ነው። ድህነትን የሚማር ልጅ የሚበላ ነገር በእጁ መያዝ አለበት አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳያስቡት ቀሩ። መጀመሪያ ያጫወቱን በጥር ነበርና ለየአገሩ ከታደለው ሽንብራ ገና ጨዋታው ሳይጋመስ የዓለም እኩሌታ ተበላ። ቆይ ብለው ወደ ዐቢይ ጾም አዛወሩት። ዓርብ ዓርብ፣ ከቀትር በፊት፣ ከእኛ ማንም ሽንብራውን አፉ አያደርስም። ሰይድን ግን ረሱት። ሰይድ የነጋዴ ልጅ ነው፣ እስላም ነው፤ የእኛ ጾም አይመለከተውም።

«ቲቸር! ሰይድ አሜሪካን በላው!» አለ አንዱ።

ቲቸር ልየው ሽንብራው የነበረበትን ባዶ ቦታ አዩት፣ ሰይድን አዩት። «ቀስ በሉ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ከሰሙ ይሸልሙታል» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰይድ አገር አልተሰጠውም፤ ዕጣ አውጪ ሆነ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ቲቸር ልየው የሲሚንቶው ወለል ላይ በጠመኔ ክብ ክብ ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ክብ በአንድ አገር የሚኖር አንድ ቤተሰብ ነው። ስዊድን፣ አሜሪካ፣ ቦሊቪያ፣ ባንግላዴሽ፣ የእኛም አገር አለች። ለአንዱ ሽንብራ በእፍኝ፣ ለሌላው በቁንጥር ይሰጣል። ለየቤተሰቡ ከጭቃ የተሠሩ ሦስት ልጆች አሉ፣ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት። መሐል ላይ ትምህርት ቤት የሚባል ትልቅ ክብ አለ። በየዓመቱ ቤተሰቡ ለቀለብ ሽንብራ ይከፍላል፤ ትምህርት ቤት ለሚያቆመው ልጅም ይከፍላል። ልጁ እስከ መጨረሻ ከተማረ የቤተሰቡ ሽንብራ እጥፍ ይሆናል። ዓመቱ የሚለየው ሰይድ ከአሮጌ ካልሲ ውስጥ በሚያወጣው ድንጋይ ነው። ነጭ ከሆነ ዝናብ፣ ጥቁር ከሆነ ድርቅ፣ ቀይ ከሆነ በሽታ።

እኔ ባንግላዴሽ ደረሰችኝ። የት እንዳለች አላውቅም ነበር። ጥቁር ድንጋይ ወጣና ሽንብራዬ አላዳርስ አለኝ። ሳላመነታ ሴቷን ጭቃ ከትምህርት ቤቱ አንስቼ ወደ ክቤ መለስኳት።

«ማንጠግቦሽ፣ እሷን አውጪ ያለሽ አለ?» አሉኝ ቲቸር ልየው።

«የለም።»

«ታዲያ?»

«እንዲሁ ነዋ ቲቸር፤ ሲቸግር እንዲህ ነው የሚደረገው።»

ቀና ብዬ ሳይ ከስዊድንና ከአሜሪካ በቀር ሁሉም ሴቷን አውጥቷል። ቲቸር ልየው አልተቆጡም፣ አልመከሩም። «አሳድሩት» አሉና ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

እኔ ሌላም የማሳድረው ነገር ነበረኝ። በዚያ ሰሞን ሽማግሌዎች ከጉንደ ወይን ቤታችን መጥተው ነበር። አባቴ ቃል ሰጥቷል፤ ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ እዳራለሁ። ትምህርቴ እዚያው ያበቃል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ነገር ግን ቢቸና ትንሽ ከተማ ናት፣ ሽማግሌ በየት በኩል እንደገባ ሁሉም ያውቃል። ቲቸር ልየውም ሳይሰሙ አይቀሩም።

አባቴን ጋሽ አዳሙ ይሉታል። አራሽ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ቃሉን የማያጥፍ ሰው። ታላቅ ወንድሜ ስመኘው ለውትድርና ወደ ሰሜን ከተወሰደ ወዲህ ንግግሩ አንሶ ነበር። የስመኘው ወሬ ጠፍቷል። ቤት ውስጥ ስሙ አይነሳም፤ እናቴ ብቻ ጥጥ ስትፈትል በአፏ ውስጥ ትለዋለች።

በጾሙ መጋመሻ ላይ የወላጆች ቀን ሆነ። ቲቸር ልየው ያን ዕለት እኛን ግድግዳ ዳር አቁመው ወላጆቻችንን በየክቡ ዙሪያ አስቀመጧቸው። የልጅ ወንበር ለትልቅ ሰው አይበቃም፤ አባቴ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ደረሰ።

«አዳሙ፣ ዛሬ ገና ትምህርት ቤት ገባህ!» አለው አንድ ጎረቤታችን።

«ምን ይደረግ፤ ብዘገይም በሩን አልዘጉብኝም» አለ አባቴ። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ጋቢውን አጣፋ።

ባንግላዴሽ ለእሱ ደረሰች። ቲቸር ልየው ሆን ብለው ይሁን በዕጣ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አባቴ ከእኛ ከሁላችን የተሻለ ተጫወተ፤ ነጭ ድንጋይ ሲወጣ ከሽንብራው ቀንሶ ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። ጥቁር ሲወጣ ግን ያስቀመጠውም አልበቃው። እጁን ዘርግቶ ሴቷን አነሳና ከጠመኔው መስመር ውጭ አኖራት።

«ለምን እሷን፣ ጋሽ አዳሙ?» አሉ ቲቸር ልየው።

«ሴት ልጅ መቼም የሰው ናት። የሰው ማሳ በራሱ በሬ የሚያርስ ማን አለ?»

ወላጆቹ በስምምነት ሳቁ። እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ባሕር ዛፉ ላይ አንድ ቁራ ነበር።

በሚቀጥለው ዙር ሰይድ እጁን ካልሲው ውስጥ ከቶ ቆየ። ያወጣት ድንጋይ ግራጫ ነበረች።

«ቲቸር፣ ይቺን አላውቃትም» አለ።

እኛም አናውቃትም። ቲቸር ልየው ድንጋይዋን ተቀብለው በመዳፋቸው ላይ ትንሽ ያዟት። «ይህ ዓመት ወንዶቹ ከቤት የሚሄዱበት ነው። መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም» አሉ። ጎንበስ ብለው ከየቤተሰቡ ወንዶቹን ጭቃዎች እያነሱ ኪሳቸው ከተቱ።

በር አጠገብ ከቀበሌ የተላኩ ሰው ተቀምጠው ነበር። «ጓድ መምህር፣ ወዴት ነው የሚሄዱት?» ሲሉ ጠየቁ።

«ሥራ ፍለጋ ጓድ። ባንግላዴሽ ጎርፍ ይበዛል፤ ሰዉ አገር ጥሎ ይሄዳል።»

ሰውየው ጥቂት አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። ቲቸር ልየው ድንጋይዋንም ኪሳቸው ከተቱ።

ከዚያ አባቴ ፊት ቁጢጥ አሉ። ሌላው ሰው እንዳይሰማ አይደለም፣ ድምፃቸው ድሮም ዝቅ ያለ ነው። «ማን ቀረ፣ ጋሽ አዳሙ?»

አባቴ ወለሉን አየ። ጭቃዋ ሴት ልጅ እሱ ባኖራት ቦታ ከመስመሩ ውጭ በጎኗ ተጋድማለች።

«ይቺ ቀረች» አለ።

«ተምራለች?»

«ጀምራ ነበር። እኔ ነኝ ያስወጣኋት።»

የተናገረው ስለ ጨዋታ እንደሚናገር ሰው አልነበረም። የሳቀ የለም። ቲቸር ልየው ሌላ አልጠየቁም። ተነሥተው «ጨዋታው አልቋል፣ እናመሰግናለን» አሉ።

ጨዋታው ባለቀ ቁጥር የሚያደርጉት አንድ ነገር ነበራቸው። የሁሉንም አገር ሽንብራ ሰብስበው ግቢው ውስጥ በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ትልቅ ድስት ይቀቅሉታል። ጾም የሚፈታበት ሰዓት ሲደርስ በአንድ ጣሳ ለሁሉም እኩል ይሰፍራሉ። ስዊድንም ባንግላዴሽም በአንድ ድስት ውስጥ ገብተው ከዚያ ወዲያ አይለዩም። ያን ቀን ወላጆችም ተሰለፉ፣ የቀበሌው ሰውም ተሰለፉ። አባቴ ቆሞ በላ። ድስቱ መጀመሪያ ሲፈላ ያወጣው ያ የአፈር ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

ወደ ቤት ስንሄድ እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ ነበርን። ደጃፋችን ስንደርስ እጁን ኮት ኪሱ ከተተና ቆመ። ሲያወጣው መዳፉ ላይ አፈር ነበር። ጭቃዋን ልጅ ማንም ሳያይ ይዟት መጥቷል። ቲቸር ልየው ጭቃውን በጥላ ከማድረቅ በቀር እሳት አላሳዩትም ነበርና መንገድ ላይ ኪሱ ውስጥ ፈረሰች።

አፈሩን እዚያው አላራገፈውም። ወደ ጓሮ ሄዶ ጌሾው ሥር ቀስ አድርጎ አፈሰሰው። ተመልሶ መጥቶ፣ «ሰኞ ትምህርት አለሽ አይደል?» አለኝ።

«አለኝ፣ አባዬ።»

«እንግዲህ ልብስሽን ዛሬ እጠቢ። ነገ ሰንበት ነው።»

ስለዚህ ነገር በሕይወቱ ሁሉ የተናገረው ይህን ብቻ ነው። በሳምንቱ ወደ ጉንደ ወይን ሰው ልኮ ቃሉን አጠፈ። በእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እነዚያ ሰዎች ገበያ ላይ ሲያዩት ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ባርኔጣውን እያነሳ እጅ ይነሳቸው ነበር።

ቲቸር ልየው በዚያው ክረምት ወደ ደብረ ኤልያስ ገጠር ተዛወሩ ተባለ። ስለ ግራጫዋ ድንጋይ ይሁን ተራው ደርሷቸው፣ የነገረን የለም። መስከረም ላይ ስንመለስ ድስቱ ከጥበቃው ቤት ጥግ ተደፍቶ አገኘነው። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ሰይድ አሁን ሞጣ ጨርቅ ይሸጣል፤ ሱቁ ስገባ «ማንጠግቦሽ፣ አሜሪካ ሆድ አትሞላም» ይለኛል፤ ሁለታችንም ሳቅ እንላለን።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሞጣ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ። ጡረታ እስክወጣ እዚያው ሠራሁ። ስመኘው አልተመለሰም። እናቴ ካለፈች በኋላ አባቴን ወደ ሞጣ አመጣሁት፤ ዓይኑ ደክሞ ነበርና መድኃኒቱን እያነበብኩ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። አንዳንድ ቀን ብልቃጡን ከእጄ ሲቀበል ጣቴን ትንሽ ይይዛል። ምን እንደሚያስብ ጠይቄው አላውቅም።

ባለፈው ዓርብ ንፍሮውን በልቼ ሰሃኑን አጠብኩ። የጎረቤት ሰሃን ባዶውን አይመለስም፤ እናቴ ያስተማረችኝ ነው። ከማድጋው ጥሬ ሽንብራ ዘግኜ አደረግሁበት። እንደ ወትሮው ቢሆን ሰላምን ጠርቼ አስይዣት ነበር የምልከው። ያን ቀን ግን ነጠላዬን ለበስኩና ራሴ ይዤው ወጣሁ። እናቷ ከገበያ አልተመለሰችም ነበር። ሰሃኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ደጃፏ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጥኩና ጠበቅኋት።