በላምባ የታጠበችው ፀጉር መንቀያ

ሽታዬን ኩራተኛ የሚሏት ሁሉ አፋቸውን ይያዙ። በናዝሬት የልብስ ስፌት ማኅበር ስድስት ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ የሰፋሁት፣ አንድ ቤት ተከራይቼ አብሬያት የኖርኩት እኔ ሸዋወርቅ ነኝ። ሰው ሊስማት ሲል ፊቷን ዘወር አድርጋ ትከሻዋን የምትሰጠው ንቃ አይደለም። አገጯና ጉንጯ ሥር ጢም ስለሚያበቅል ነው። ምላጭ ሞክራ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን እንደ ገለባ ይዋጋል።

በሰማንያ አንድ ዓ.ም. የአሰብ መስመር ሹፌር የሆነው ወንድሜ አምባዬ ከአንድ መርከበኛ የገዛትን ፀጉር መንቀያ አመጣልን። በእጅ የምትያዝ፣ ኤሌክትሪክ ላይ ስትሰካ ጫፏ ላይ ያለው የሽቦ ጥቅልል እየዞረ ፀጉሩን ከነሥሩ የምትመነግል ትንሽ ማሽን ናት። ሽታዬ ፊቷን በሞቀ ውኃ ታጥባ፣ አድርቃ፣ ቆዳዋን በአንድ እጇ ወጥራ ቀስ እያለች ታስኬዳታለች። እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። ከዚያ ሦስት ሳምንት ፊቷ የሕፃን ፊት ነው። የወንጂው መካኒክ ሁንዴ ጉንጯን ስሞ ሽማግሌ የላከው በዚህች ማሽን ነው ብል አላጋነንኩም። ስለ ጢሙ ግን አያውቅም።

ማሽኗ አንድ ጣጣ አላት፤ ፀጉሩ ትንሽ ካላደገ አትይዘውም። የሁንዴ እናት እትዬ አየለች ከአርሲ ነገሌ እሑድ ሊያዩዋት እንደሚመጡ ሲነገረን፣ ሽታዬ ሐሙስ ልትነቅለው ብላ ሁለት ሳምንት አሳደገችው። ሻሿን አገጯ ሥር አስራ ነበር የምትውለው።

ረቡዕ ዕለት ሽቦው መሐል የተጠቀጠቀውን አሮጌ ፀጉር አየሁ። ሽታዬ ሁልጊዜ በጥርስ ብሩሽ ነበር የምትጠርገው። እኔ ጥልቅ አልኩና፣ ይሄ የኔ ሥራ ነው ብዬ ተቀበልኳት። አብሯት የመጣው ወረቀት ላይ የውኃ ቧንቧ ተሥሎ በቀይ ተሰርዟል። ስለ ላምባ ምንም አልተሣለም። እኛ ሰፊዎች የስፌት መኪና ሲቆሽሽ በላምባ አጥበን ዘይት ጠብ እናደርግበታለን፣ ሌላ ምን እናውቃለን? እንደዚያው አደረግኩ። ምነው እጄን በቆረጠው ኖሮ! ሐሙስ ስትሰካት አንዴ ጮኻ ቀጥ አለች። ሬዲዮ ጠጋኙ ጎበና ፈቶ አያትና፣ ውስጧ ያለው ላስቲክ በላምባው አብጦ ተበጥሷል፣ ምትክም የለውም አለን።

ዓርብ በወረንጦ ስንነቅል ዋልን። ግማሹ እንኳ ሳያልቅ ፊቷ አብጦ ደም አዘለ። ቅዳሜ ተስፋ ቆርጣ በዚያ እብጠት ላይ ምላጭ ብታስኬድ ቆራረጣት። እሑድ ጠዋት ጓዳ ገብታ በሩን ቀረቀረች።

"ካዩኝ እሞታለሁ፣ ሸዋዬ። አሟታል በያቸው" አለችኝ።

እትዬ አየለች ልጃቸውን ማር አስይዘው ገቡ። ልስማቸው ጎንበስ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

"ልጄን ሽታዬን ሳልስም ማንንም አልስምም" አሉ።

አሟታል አልኩ። ታዲያ የታመመ ሰው ይጠየቃል እንጂ ይሸሻል? ብለው ተነሥተው የጓዳውን በር አንኳኩ። ሁንዴም ለመናት፤ አልከፈተችም።

"ልጄ፣ ንቀሽኝ ነው?" አሉ እትዬ አየለች በሩን ተደግፈው።

አንድ ሰዓት ያህል ጠብቀው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። ሁንዴ ቀና ብሎ አላየኝም። እናቱ ሊሳፈሩ ሲሉ ወደኔ ዞር ብለው፣ አንቺስ ምን አደረግሽ ብለው አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። ጉንጫቸው ወጋኝ። በቀኝም በግራም ወጋኝ። ያንን አውቀዋለሁ፤ ምላጭ ከነካው ሁለት ቀን የሆነው ጢም ነው። አፌን ስከፍት እሳቸው ተሳፍረው ረዳቱ በሩን ዘጋው።

ልነግራት በሩጫ ተመለስኩ። ሽታዬ ከጓዳ ወጥታ፣ ፊቷን በሻሽ ሸፍና ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ማሽኗ እግሯ ሥር ወድቃ ላምባ ትሸታለች። ከበሩ ወዲያ ቆመው የለመኑሽ ሴትዮ እንዳንቺው ናቸው ብዬ እንዴት ልበላት? ላምባውን ያፈሰስኩት እኔ ነኛ! በኔ ጥፋት በከንቱ መደበቋን ብታውቅ ይቅር አትለኝም ብዬ ፈራሁ። በማግስቱ ተሳፍረን አርሲ ነገሌ መድረስ እንችል ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

"ሄዱ?" አለችኝ።

"ሄዱ" አልኳት።

በሁለተኛው ሳምንት ሽማግሌዎቹ ነገሩ ቀርቷል ብለው ላኩ። እስካሁንም አልነገርኳትም።