ስለ መርፌው ሽማግሌ ሲላክብን

ይህ የሆነው አምና፣ የታናሽ እህቴ የሜሮን ሠርግ ሊደርስ ሲል ነው። እዚህ አዳማ ስለ ውፍረት መቀነሻ መርፌ ወሬ በተነሳ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ሰሞኑን ደግሞ የማይወራበት ቦታ የለም።

ሜሮን የመረጠችው ቬሎ ጠበባት። በሌላ ለውጪው ብላት አልሰማችኝም። ሐኪም ሳያዝላት፣ ከሰፈራችን የመዋቢያ ነጋዴ ከአልማዝ መርፌውን ገዝታ ተደብቃ መውጋት ጀመረች። ምግብ ስትተው ለትዳሯ ጾም ጸሎት የያዘች መሰለን። እናቴማ በልጇ ኮርታ ነበር። በጸሎት የተጋን ሰው ማን ብላ ይለዋል?

አንድ ጠዋት ሆዷን ይዛ ወደቀች፤ ትውከቱ አላቆም አለ። ሐኪሙ ቆሽቷ ክፉኛ መቆጣቱን ነገረን። የተረፈውን መርፌ አገላብጦ አየና ውስጡ ምን እንዳለ እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም አለ። እህቴን ያጣኋት መሰለኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። እኔ ግን ደሜ ፈልቶ ስለነበር አልማዝን ከሰስኳት።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ላከችብን። ዋናው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ኦቦ ገመቹ ነበሩ። የሕክምናውን ወጪ ትሸፍን፣ ክሱን ተዉላት አሉ። እናቴ ሽማግሌ ማሳፈር አይሆንላትም፤ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እምቢ ልል አፌን ስከፍት ሜሮን ከአልጋዋ ተነስታ መጣች።

"አባቶቼ፣ ወጪው ይቅርብኝ። መጀመሪያ መርፌውን የሸጠችላቸው ሰዎች ቤት ሁሉ ትውሰደንና የደረሰብኝን እንንገራቸው። ስለ ክሱ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።"

አልማዝ እያለቀሰችም ቢሆን እሺ አለች። በነጋታው ተያይዘን ስንወጣ መጀመሪያ የቆመችው ኦቦ ገመቹ በር ላይ ነው። እኔ የተሳሳተች መስሎኝ ነበር።

የከፈቱልን ራሳቸው ናቸው። ዕርቁ ያለቀ መስሏቸው ደስ አላቸው፤ "ኮታ፣ ግቡ ግቡ" እያሉ አስገቡን። አልማዝ ግን መሬት መሬት እያየች ልጅዎን ጥሩልኝ አለቻቸው። ልጅቷ ከጓዳ ወጣች። ከስታለች፤ አልማዝን ስታይ ደርቃ ቀረች።

ኦቦ ገመቹ ልጃቸውን አዩ፣ አልማዝን አዩ። "እኔ እኮ ጾም ላይ ናት ብዬ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። ቁጭ አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ክሱን አታንሺ።"

አላነሳሁም፤ ጉዳዩ ዛሬም ፍርድ ቤት ነው። ልጃቸው በጊዜ ታከመች። ሜሮንም ሠርጉ ተራዝሞ፣ በሰፊ ቬሎ ተዳረች። አልማዝ መንገድ ላይ ስታየኝ አንገቷን ትደፋለች፤ አንዳንዴ ታሳዝነኛለች።

እኔ ግን አንድ ክፉ አመል ተጠናውቶኛል። ቤታችን ውስጥ ጾም ይዣለሁ የሚል ሰው ካለ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝና፣ አሜን ከማለቴ በፊት ቦርሳውን እፈትሻለሁ።